ሩዙ ሲታዘዝ፣ ሩዙ ሲመረጥ

ጉማራ ከጉና ወርዶ፣ የወንዛዬን ፍል ውኃ ታክኮ፣ ጣና ከመግባቱ በፊት ፎገራ ሜዳ ላይ ይንሰራፋል። ርብም በሌላ በኩል እንዲሁ ያደርጋል። ክረምቱ ሲከር ሁለቱም ወንዞች ሞልተው ይፈሳሉ፤ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል። ይህ ውኃ ለከብት በረከት ነው፤ የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የወጣው በዚሁ ሣር ነው። ለአራሹ ግን ለዘመናት ጭንቅ ነበር። ጎርፍ በሚተኛበት ማሳ ጤፍ አይዘራም። ገበሬው ክረምቱን አሳልፎ፣ ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራውንና ጓያውን ይዘራል።

ጓያ ሌላው እህል ሲከዳ የማይከዳ ነው። ሌላ ሳይቀላቀልበት ለወራት የተበላ እንደሆነ ግን እግር ያሽመደምዳል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ይህን በሽታ አጥንተው ስፋቱን አሳውቀዋል። የአገሩ ሰው ጉዳቱን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገውም፤ በትር ተደግፎ የሚሄደውን ጎረቤቱን እያየ፣ እያወቀ ይበላል። ረሃብ ሲመጣ ሌላ ምን አለ?

እንግዲህ እዚህ አገር ላይ ውኃ የሚወድ እህል ቢመጣ ገበሬው ሮጦ ይቀበለዋል ብሎ መገመት ቀላል ነው። በሜዳው ላይ የዱር ሩዝ ራሱ ይበቅል ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው፣ በደራ ወረዳ ጅግና እና በፎገራ ወረዳ ሻጋ ላይ በነበሩት የገበሬ አምራቾች ማኅበራት ሩዝ አዘሩ። ሩዙ አላሳፈረም። እስከ ዛሬ ሜዳውን የሚሸፍነው ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያች ቀበሌ ነው።

ግን አልተዛመተም። ከማኅበሩ ማሳ አልፎ ወደ ግለሰቡ እርሻ አልገባም። ኮሪያውያኑ ሄዱ፤ ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ሩዙም አብሮ ተመናመነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ያው ሩዝ፣ በዚያው መሬት ላይ፣ በእነዚያው ሰዎች እጅ፣ ማንም ሳያዝዝ ሜዳውን ወረሰው። ይህን ለማስረዳት የአየር ጠባይ አይበቃም፤ አፈሩም አልተለወጠም። የተለወጠው ሰውን የሚያንቀሳቅሰው ነገር ነበር። ስለዚህ ነገር ደግሞ በዚያው ዘመን፣ ስለ ፎገራ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች በሌላ አህጉር ላይ ይጨቃጨቁ ነበር።

ክርክሩን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ስለ ተነሳሽነት የነበራቸው መልስ በሁለት ዘንጎች ላይ የቆመ ነበር። አንደኛው ጉድለት ነው፤ ሰው ሲርበው፣ ሲጠማው፣ ሲበርደው ይነሳል። ሁለተኛው ሽልማትና ቅጣት ነው፤ ያስገኘለትን ይደግማል፣ ያስቀጣውን ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1943 አብርሃም ማዝሎው የሰውን ፍላጎቶች በደረጃ ደርድሮ ሆድ ሲሞላ ደኅንነት፣ ከዚያ ፍቅር፣ ከዚያ ክብር፣ በመጨረሻም የራስን ችሎታ እስከ ጫፍ ማድረስ ይከተላል አለ። እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ልንገር፤ በየሥልጠናው አዳራሽ በፕሮጀክተር የሚታየውን ፒራሚድ ማዝሎው በዚያ ጽሑፉ ላይ አልሣለውም። ሌሎች ናቸው ቆይተው ያበጁለት። የእርሱ ሐሳብ ከሥዕሉ ይልቅ ልል ነበር፤ አንዱ ፍላጎት መቶ በመቶ ሳይሟላ ሌላው ብቅ እንደሚል ራሱ ጽፏል።

በእነዚህ መልሶች ብንሄድ ፎገራ ላይ ሁሉም ነገር ነበረ። ጉድለቱ ነበረ፤ በ1977 ዓ.ም አገሪቱን ያናወጠው ረሃብ ከማንም አእምሮ የሚጠፋ አልነበረም። ሽልማቱም ነበረ፤ በማኅበሩ ውስጥ እያንዳንዱ አባል በሠራው ልክ የሥራ ነጥብ ይያዝለት፣ በመኸር መጨረሻ በነጥቡ ይከፈለው ነበር። ቅጣቱም አልጠፋም፤ ሊቀመንበሩ፣ ካድሬው፣ ኮታው። መንግሥት ለማኅበራቱ ማዳበሪያውንም ምርጥ ዘሩንም አስቀድሞ ይሰጥ ነበር። ያም ሆኖ በአገሪቱ በጠቅላላ የአምራች ማኅበራት ምርት በሄክታር ሲሰላ ከግለሰብ ገበሬ ማሳ በታች ነበር። አባል ለጓሮው እንዲይዝ የተፈቀደለት ከሁለት ሺህ ካሬ ሜትር አይበልጥም፤ እዚያች ላይ ግን የሚያጎነብሰው በሌላ ልብ ነበር።

የዘመኑ ሹም ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ ዛሬም ከአፋችን አልጠፋም፦ ገበሬው ኋላ ቀር ነው፣ በእድሉ ያምናል፣ ለውጥ ይፈራል። እኔ ይህን ማብራሪያ የምጠላው ስለሚያሳንስ ብቻ አይደለም። መመርመር የሚገባውን ነገር ሳይመረምር ስለሚዘጋ ነው።

በሥነ ልቦናው ክርክር ይህ በር መጀመሪያ የተከፈተው በዝንጀሮዎች በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ዊስኮንሲን ላይ ሃሪ ሃርሎው የተባለ ተመራማሪ ለዝንጀሮዎቹ መንጠቆና ማጠፊያ ያለው የመካኒክ እንቆቅልሽ በቤታቸው አኖረላቸው። ለፈተናው ከመዘጋጀታቸው በፊት እንዲለምዱት ብቻ ነበር። ማንም ምግብ አልሰጣቸው፣ ማንም አላስተማራቸው። ዝንጀሮዎቹ ግን ይፈቱት ጀመር፤ ፈትተው ሲያበቁ እንደገና ይጀምሩታል። በዘመኑ መጽሐፍ መሠረት ይህ መሆን የለበትም፤ ረሃብም ሽልማትም በሌለበት ምን ያደክማቸዋል? ይባስ ብሎ ዘቢብ ሽልማት ሲገባበት ስሕተታቸው በዛ። ሃርሎው ሦስተኛ ዓይነት ግፊት አለ፣ ሥራው ራሱ ሽልማት የሚሆንበት አለ ብሎ ጻፈ፤ ጽፎም ወደ ሌላ ጥናት ሄደ። ለሃያ ዓመት ያህል ያነሣው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ያነሣው ኤድዋርድ ዴሲ የሚባል ወጣት ተማሪ ነው። ለዶክትሬቱ ሲሠራ 24 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ሰባት ቁራጮች ያሉትን የሶማ ኩብ እየገጣጠሙ የተለያየ ቅርጽ እንዲሠሩ ለሦስት ቀናት ጠራቸው። በመጀመሪያው ቀን ለማንም ክፍያ የለም። በሁለተኛው ቀን ለአንዱ ቡድን ብቻ ለፈቱት ለእያንዳንዱ ቅርጽ አንድ ዶላር ተከፈላቸው። በሦስተኛው ቀን ክፍያው ቀረ። የሙከራው ልብ ግን እንቆቅልሹ ላይ አልነበረም። በየቀኑ መሀል ላይ ዴሲ ሰበብ ፈጥሮ ለስምንት ደቂቃ ክፍሉን ለቅቆ ይወጣና ከመስታወት ጀርባ ይመለከታል። ጠረጴዛው ላይ መጽሔት አለ፤ ተማሪው እንዳሻው ይሁን። ጥያቄው፣ ማንም በማያየው ጊዜ በገዛ ፈቃዱ እንቆቅልሹን ይነካል ወይ የሚል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተከፍሏቸው የነበሩት ተማሪዎች በነጻ ደቂቃዎቻቸው እንቆቅልሹን የነኩት ከመጀመሪያው ቀን ባነሰ ሆነ። ያልተከፈላቸው ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1971 ታተመ። ብዙዎች አላመኑትም፤ የሽልማት ደጋፊዎች ለዓመታት ተከራከሩት። ዴሲ ከሪቻርድ ራያን ጋር ሆኖ ጥናቱን ሲያሰፋ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ከባልደረቦቹ ጋር 128 ሙከራዎችን አንድ ላይ አድርጎ መረመረ። ውጤቱ ገንዘብ ክፉ ነው የሚል አይደለም። አስቀድሞ የተነገረና አንድን ነገር በማድረግ ላይ የተንጠለጠለ ክፍያ ሰው ለሥራው የነበረውን የራሱን ፍላጎት ያዳክማል፤ እውነተኛ ምስጋናና ስለ ሥራው የሚነገር መልካም ቃል ግን ያጎለብተዋል። ልዩነቱ ሰውየው ነገሩን የሚረዳበት መንገድ ነው፤ «እየነዱኝ ነው» ካለ ልቡን ያነሳል። ሁለቱ ሰዎች ከዚህ ተነስተው ሦስት ነገሮች ለሰው ልብ እንደ ምግብ ናቸው አሉ፦ የራስ ውሳኔ፣ እችላለሁ የማለት ስሜትና ከሌሎች ጋር መያያዝ።

እነርሱ ይህን ሲያጠኑ ፎገራ ላይ ምን ይሆን ነበር?

በየካቲት 1982 ዓ.ም ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለማርያም የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ አወጁ። ገበሬው ከፈለገ ከአምራች ማኅበር መውጣት ይችላል ተባለ። የሆነውን በዚያ ዘመን የነበረ ሁሉ ያስታውሳል፤ ለዓመታት በስብሰባ፣ በቅስቀሳና በጫና የተገነቡት ማኅበራት በሳምንታትና በወራት ውስጥ ፈረሱ። በሬው ተከፋፈለ፣ መሬቱ ተሸነሸነ። ሥራው በእርግጥ ከፍላጎት የመጣ ቢሆን ኖሮ በሩ ሲከፈት ሁሉም አይወጣም ነበር። በዴሲ ክፍል ውስጥ ያሉት ስምንት ደቂቃዎች በኢትዮጵያ ገጠር በጠቅላላ በአንድ ጊዜ እንደ ተሰጡ አድርጌ ነው የማየው።

ከዚያ በኋላ በ1980ዎቹ አጋማሽ የግብርና ባለሙያዎች ጥቂት ገበሬዎችን ይዘው ሩዙን እንደገና ሞከሩ። አሁን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ዘሩ በሊቀመንበር ትእዛዝ አይሄድም፤ ሰው ከዘመዱ ይበደራል፣ ከገበያ ይገዛል። አንዱ በማሳው ጠርዝ ይሞክራል፤ ከብት የሚውልበት ረግረግ ላይ ቆሞ የሚታጨድ እህል ሲያይ ጎረቤቱ በቀጣዩ ዓመት ይከተለዋል። አረሙ ከባድ ነው፤ የሩዝ አረም ወገብ ይሰብራል። በወንፈልና በደቦ ተያይዘው ያርማሉ።

ማእድ ቤት ውስጥ የሆነውን ግን የሥነ ልቦና መጻሕፍት አይገምቱትም ነበር። ሩዝ ለአካባቢው ሰው ባይተዋር ምግብ ነበር፤ እንዴት ተፈልፍሎ፣ እንዴት ተፈጭቶ፣ ምን ተደርጎ እንደሚበላ ማን ያውቃል? ሴቶቹ የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ጋገሩ። እንጀራው ነጣ፣ ወጪው ቀነሰ። ዳቦውም ጠላውም ከሩዝ ሆነ። ጭዱ ለከብት ዋለ። ሩዝ «የሚበላ ነገር» የሆነው ያን ጊዜ ነው። ኮሪያውያን ባለሙያዎች ዘርና ዘዴ አምጥተው ነበር፤ ምጣዱን ግን ማንም አላማከረውም። እችላለሁ የማለት ስሜት ከየት ይመጣል ቢባል፣ እኔ ከዚያ ምጣድ በፊት የምጠቅሰው የለኝም።

ዛሬ ወረታ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሩዝ መፈልፈያ ያለባት ከተማ ናት፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም እዚያው ነው። ማዕከሉ ካወጣቸው ዝርያዎች አንዱ ሻጋ ይባላል፤ ያ የፈረሰው ማኅበር የነበረበት ቀበሌ ስም ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ይቃወመኛል፤ ልክም ነው። «ይህን ሁሉ ያደረገው ገበያ ነው» ይላል። የኮታው ግዢ ቀርቶ ዋጋው ተፈታ፣ ነጋዴው መጣ፣ ጤፍ ተወደደ። ገንዘብ ካለ ሰው ይሠራል፤ ለምን ሥነ ልቦና ይጠራል? ገበያው ትልቁን ድርሻ እንደያዘ አልክድም። ዴሲና ራያንም ገንዘብ አያንቀሳቅስም አላሉም። ነገር ግን ገበያ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ በዚያው ፎገራ ወረዳ ውስጥ፣ ከወረታ ሩቅ ባልሆነ ኮረብታ ላይ፣ በኅብረት መሥራትን መርጠው እስከ ዛሬ ያልፈረሱ ሰዎች አሉ።

አውራ አምባን ማለቴ ነው። ዙምራ ኑሩ ከጥቂት ቤተሰቦች ጋር ይህን ማኅበረሰብ የመሠረቱት በ1964 ዓ.ም ነው፤ ደርግ ሥልጣን ከመያዙ በፊት፣ የአምራች ማኅበር መመሪያም ከመውጣቱ በፊት። ወንዱ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች፤ ሥራው የሚከፋፈለው በችሎታ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ለአቅመ ደካሞች ይሠራሉ። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ሕይወታቸው አስጊ ሲሆንባቸው ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦንጋ አካባቢ ተሰደዱ። መንግሥት ሲለወጥ ሲመለሱ የቀደመ መሬታቸው በአብዛኛው በሌላ ሰው ተይዞ ጠበቃቸው። በቀረችው ጥቂት መሬት መኖር ስለማይቻል ወደ ሽመና ዞሩ። ማኅበረሰቡን በሃይማኖት አቋሙ የሚነቅፉት አሉ፤ ከሚገባው በላይ የሚያሞግሱትም አሉ። ለእኔ ጥያቄ የሚበቃኝ ግን ይህ ነው፦ በአንድ ወረዳ ውስጥ፣ በአንድ ዘመን፣ ሁለት የጋራ እርሻዎች ነበሩ። መንግሥት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሰጠው ሻጋ ላይ ፈረሰ። ተሰዶ፣ መሬቱን አጥቶ የተመለሰው ቆመ። የአውራ አምባ ሰው የገባው ፈቅዶ ነው፤ ቢፈልግ ይወጣል። ስለዚህ «ኢትዮጵያዊ በኅብረት መሥራት አይወድም» የሚለውም፣ «በግል ጥቅም ብቻ ይነሳል» የሚለውም እዚህ ወረዳ ላይ አይሠራም።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። በሩ ተከፍቶላቸው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ የማይሞክሩ ሰዎች አሉ። የራስ ውሳኔ ብቻ በቂ ቢሆን ሁሉም ይነሳ ነበር። የዚህን መልስ ፍለጋ የተኬደው ወደ ሐረርጌ ነው።

ዓለማየሁ ሰዩም ታፈሰ፣ ታንጊ በርናር፣ ስቴፈን ዴርኮንና ኬት ኦርኪን የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ገጠር ጥናቶች ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመውን ነገር፣ የነገን ተስፋ የመቁረጥ ስሜትን፣ ከባሕል ይልቅ እንደ ሁኔታ ሊያዩት ፈለጉ። ምናልባት ሰውየው ምኞት ያነሰው፣ እንደ እርሱ ሆኖ የተሳካለት ሰው ስላላየ ይሆን? ጥርጣሬው ከየትም የመጣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1977 አልበርት ባንዱራ ሰው «እችላለሁ» የሚለው ከራሱ ልምድ ብቻ ሳይሆን የሚመስለውን ሰው ሲያደርግ ከማየትም እንደሆነ፣ እባብ በሚፈሩ ሰዎች ላይ ባደረገው ጥናት አስደግፎ ጽፎ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2010 በምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዶባ ወረዳ፣ በ64 መንደሮች ሙከራው ተጀመረ። በዕጣ የተመረጡ ባልና ሚስቶች በአፋን ኦሮሞ የተሠሩ አራት አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞችን አዩ፤ እያንዳንዱ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ባለታሪኮቹ ወንዶችም ሴቶችም ናቸው፤ ሁሉም ከእነርሱ ጋር በሚመሳሰል ድህነት ተነስተው በእርሻ ወይም በትንሽ ንግድ ኑሯቸውን የለወጡ። በፊልሙ ውስጥ ገንዘብ ማደል የለም፤ ዘር ማደልም የለም፤ «እንዲህ አድርጉ» የሚል ባለሙያም አይታይም። ሌሎች ቤተሰቦች የቴሌቪዥን መዝናኛ ፕሮግራም እንዲያዩ ተደረገ። ሦስተኛው ቡድን ምንም አላየም። መዝናኛው የገባው ብልሃት ነበር፤ ልዩነት ከመጣ «ከቤት ወጥተው ፊልም ስላዩ ነው» እንዳይባል።

ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ፣ ዘጋቢ ፊልሙን ያዩት ምኞታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ብዙም አይደለም፣ ግን ይታያል። ከምኞቱ የሚበልጠው የሠሩት ነው። ቁጠባቸው ጨምሯል፤ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስገብተዋል፣ ለትምህርታቸውም አውጥተዋል። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለሱም ልዩነቱ አልጠፋም ነበር። በአንድ ሰዓት ፊልም! እኔ መጀመሪያ ስሰማው የተጋነነ መስሎኝ ነበር፤ ፎገራን ሳስበው ግን አልገረመኝም። ረግረጉ ዳር ቆሞ የጎረቤቱን ሩዝ ያየው ገበሬ ያየው ያንኑ ፊልም ነው፤ የእርሱ በሸራ ላይ አልነበረም እንጂ።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው ፍርድ ግልጽ ነው። ገበሬው ተነሳሽነት አልጎደለውም፤ ከጎደለውም የጎደለው ውሳኔውና የሚመስለው ምሳሌ ነበር። ይህን የምለው ዛሬም በየወረዳው ስለ ኩታ ገጠም፣ ስለ አዲስ ዝርያና ስለ ማዳበሪያ ስብሰባ ሲጠራ፣ ጥያቄው ብዙ ጊዜ «ስንት ሄክታር ተሸፈነ?» በሚለው ስለሚያበቃ ነው። ያው ሥራ፣ ያው ዘር፣ በትእዛዝ ሲመጣና በምርጫ ሲመጣ አንድ እንዳልሆነ ፎገራ በውድ ዋጋ ተምሯል።

የፎገራ ሩዝ ታሪክ የሚጻፈው በኩንታልና በሄክታር ነው። በጅግናና በሻጋ ማኅበራት ውስጥ ነጥብ እየተያዘላቸው ሩዝ ያረሙ፣ በኋላም በፈቃዳቸው ዘሩን ከዘመድ የተበደሩ ሰዎች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። የመጀመሪያውን የሩዝና የጤፍ ሊጥ የቀላቀሉት እናቶችም እንዲሁ። ከወረታ ባሕር ዳርም ደብረ ታቦርም በመኪና ቅርብ ናቸው፤ ሁለቱም የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ሥነ ልቦና የምታጠኑ ተማሪዎች፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስታጡ የሌላ አገር መጠይቅ ከመተርጎማችሁ በፊት፣ የድምፅ መቅጃ ይዛችሁ ወደ ሻጋ ውረዱና እነዚህን አባቶችና እናቶች ጠይቁልን፦ ያን ጊዜ ለምን ተዋችሁት፣ ኋላስ ለምን አነሣችሁት?